በር ላይ የተረከብኳቸው ሰንጢዎች

ጡረታ በወጣሁበት ዕለት መሥሪያ ቤቱ ኬክ አዘጋጀልኝ። ኬኩ ቀረበ፣ ለስላሳው ተከፈተ፣ ንግግሩም ተደረገ፤ መቁረጫ ግን ያሰበ ሰው አልነበረም። ሁሉም ወደ እኔ ዞረው ሳቁ። ሽፈራው ኪስ ውስጥ ሰንጢ እንደማይጠፋ ከኃላፊው እስከ ተላላኪዋ ሁሉም ያውቃል። አውጥቼ ዘረጋሁና ሰጠኋቸው። ያን ቀን የያዝኩት ባለ ቀንድ እጀታውን ነበር። ተመልሶ ሲመጣልኝ መጋጠሚያው በክሬም ተደፍኗል። ስለ እኔ የሚባለውን ደግ ደግ ነገር በወጉ ሳልሰማ፣ ክሬሙን በክብሪት እንጨት ስፈለቅቅ ዝግጅቱ አለቀ።

ሃያ ስድስት ዓመት በር ላይ ቆሜያለሁ። ፈታሽ ነበርኩ። መሥሪያ ቤቱ ልደታ አካባቢ ነው፤ ስሙን አልጠራም። ባለጉዳይ የሚበዛበት፣ ወንድምና ወንድም፣ ባልና ሚስት፣ አከራይና ተከራይ ተካሰው የሚመጡበት ቤት ነው። ሰዎቹ ንዴታቸውን ይዘው ይገባሉ፤ ስለታቸውን ግን እኔ ጋ ትተው ነው የሚያልፉት። ዛሬ በሩ ላይ ማሽን ቆሟል። ቦርሳውን በአንድ በኩል ውጦ በሌላው ይተፋዋል፤ አንዲት ወጣት ስክሪኑ ላይ ታያለች። ስምንት ወር አብሬው ሠርቻለሁ። ማሽኑ ሰንጢ መኖሩን ይናገራል፣ የማን እንደሆነና ምን እንደሚቆረጥበት ግን አይጠይቅም። እኔ ደግሞ ከሥራዬ ሁሉ የምወደው ያንን መጠየቅ ነበር።

ደሞዙ ትንሽ ነበር፤ የጡረታው ወረቀትም ሦስት ቢሮ አዙሮኛል። እሱን ልተወው። ልጽፍ የተነሳሁት ስለ ሌላ ነገር ነው። ለብዙ ዓመት አንድ ሰው ላይ ቀንቻለሁ። ቅናቴ እኔን ብቻ ቢጎዳ ኖሮ ባልጻፍኩት።

ሥራውን ያስተማሩኝ ሃምሳ አለቃ ደምሴ የሚባሉ ሰው ናቸው። ከውትድርና ከተመለሱ በኋላ የተቀጠሩ፣ ቀጠን ያሉ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው ነበሩ። ጠዋት ከመጀመሪያው ባለጉዳይ በፊት ከፔርሙሳቸው ሙቅ ውኃ ያፈሱና እጃቸውን ታጥበው እያሻሹ ያሞቁታል።

«ቀዝቃዛ እጅ ሰው ላይ አታሳርፍ» አሉኝ በመጀመሪያው ቀን። «ሌባ ያልከው ይመስለዋል። መጀመሪያ ሰላም በል፣ ቀጥሎ አስፈቅድ፣ ከዚያ ፈትሽ። ፊቱን አትየው። ፊት ይዋሻል። ትከሻውን እይ።»

ሰው አንድ ነገር ሲደብቅ የደበቀበት ጎን ክንዱ አይወዛወዝም። ሳያውቀው ይጠብቀዋል። ይህን ለማየት ዓይኔ ስድስት ወር ፈጅቶበታል። ካልሲ ውስጥ፣ ባርኔጣ ውስጥ፣ ዳቦ ውስጥ፣ የሬዲዮ ባትሪ ቤት ውስጥ ሰንጢ አግኝተናል። አብዛኛው ሰው ግን ክፋት የለውም፤ ሁልጊዜ ኪሱ ውስጥ ስለሚኖር ይዞት ይመጣል። «ውይ፣ ረስቼው» ብሎ ያወጣል። ተቀብለን ቁጥር ባላት የእንጨት ሳጥን ውስጥ እናስቀምጥና ያንኑ ቁጥር የተመታባት ትንሽ የቆርቆሮ ታርጋ እንሰጠዋለን። ሲወጣ ታርጋዋን መልሶ ሰንጢውን ይወስዳል።

ሃምሳ አለቃ ሰንጢ ሲቀበሉ ዝም ብለው ሳጥን ውስጥ አይጥሉትም። በሁለት እጃቸው ይቀበላሉ፣ ይከፍቱታል፣ ወደ አፍንጫቸው ጠጋ አድርገው ሸተት ያደርጉታል፣ ከዚያ ቀና ብለው «ምን ይቆርጡበታል?» ይላሉ። ሰውየው ከመመለሱ በፊት መልሱን ያውቁታል። የጫማ ሰፊ ሰንጢ ጫፉ ይበላል። ጫት የሚቀነጥቡበት ሰንጢ ሥሩ ላይ ይጠቁራል። ብርቱካን የሚላጥበት፣ መፋቂያ የሚቀረጽበት፣ ሲባጎ የሚበጠስበት፣ ሁሉም የየራሱ ሽታና የየራሱ ጭረት አለው። መጋጠሚያው የዛገ ከሆነ ከትንሽ ጠርሙስ የልብስ ስፌት መኪና ዘይት ጠብ ያደርጉበታል። ባለቤቱ ሲወጣ ከፈት አድርጎ ይገረማል። እሳቸው አንድም ቀን ዘይት አድርጌልዎታለሁ ብለው አያውቁም።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። በየጠዋቱ ሳጥኑ ሲከፈት የመጀመሪያው ሰንጢ የራሳቸው ነው። ቁጥር አንድ ቦታ ያስቀምጡታል። «እኔ ሳልፈታ ሰውን ፍታ አልልም» ይሉ ነበር። አንጥረኛ የሠራው፣ ምላጩ ከመኪና ባሌስትራ የወጣ፣ እጀታው ከበሬ ቀንድ የተቀረጸ ሰንጢ ነበር። ከመያዝ ብዛት ቀንዱ እንደ ማር ቀልቷል። ሲከፈት አንዴ ጠቅ ይላል፤ ሲዘጋ ድምፅ የለውም። ያንን ሰንጢ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ተመኘሁት።

የእኔ ስብስብ የተጀመረው እንዲህ ነው። በመጀመሪያ ከተክለ ሃይማኖት ሰፈር አንድ ገዛሁ፤ ቀጥሎ ሌላ። ስድስት ሲሞላ ለሳምንቱ ስድስት የሥራ ቀን ከፋፈልኳቸው። የሰኞው የወይራ እጀታ ነበር፣ የማክሰኞው ነሐስ፣ የረቡዕ ባለ ቀንድ። ከዚያ በላይ ያለው በቁም ሳጥናችን ታችኛ መሳቢያ በጨርቅ ተጠቅልሎ ይቀመጣል። ባለቤቴ ዘነቡ ልብሷን ወደ ላይ አወጣች። «ቆይ፣ ይሄ ሁሉ ምን ሊቆረጥበት ነው?» ትለኛለች። ከእያንዳንዱ ሰንጢ ጀርባ በር ላይ ያየሁት፣ የሰው የሆነ፣ እኔ ልገዛው ያልቻልኩት አንድ የተሻለ ሰንጢ ነበር። አንድ የጉራጌ ሽማግሌ የአባታቸውን ሰንጢ ጠዋት አስረክበውኝ እስኪወጡ ድረስ አሥር ጊዜ እየከፈትኩ ዘግቼዋለሁ። ይሽጡልኝ ብላቸው ሳቁብኝ። ሲሄዱ ሰንጢው ሳይሆን የራሴ ነገር የተወሰደብኝ ያህል ተሰማኝ።

ሦስት ዓመት ከሃምሳ አለቃ ጋር ብቻዬን ሠራሁ። እነዚያ ዓመታት ደግ ነበሩ። በአራተኛው ዓመት ከድር ተቀጠረ።

ከድር ቤተሰቦቹ ከወሎ የመጡ፣ ከእኔ በስምንት ዓመት የሚያንስ፣ ትከሻው ሰፊ፣ ሳቅ የማያጣው ሰው ነው። በመጣ በሁለተኛው ሳምንት እኔ ፈትሼ ያሳለፍኩትን አንድ ባለ ጃንጥላ ሰው እሱ መለሰው።

«ጋሽ ሽፈራው፣ ጃንጥላው ከበደኝ» አለኝ።

«ጃንጥላ ምን ይከብዳል?»

እጀታውን አዞረው። ከውስጡ ቀጭን ስለት ወጣ። ሃምሳ አለቃ ደምሴ በሦስት ዓመት አንድ ጊዜ እንኳ ጮክ ብለው ሲስቁ ሰምቼ አላውቅም። ያን ቀን ሳቁ፤ የከድርን ትከሻም መታ መታ አደረጉ። እኔ ታርጋ እየቆጠርኩ አቀረቀርኩ። ጆሮዬ ሲግል ይታወቀኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ነገሮች ሁሉ እንደዚያ ሆኑ። እኔ ስድስት ወር የለፋሁበትን ትከሻ የማየት ነገር እሱ በአንድ ወር ያዘው። እኔ ሰላም ስል ሰው ሰላም ይለኛል፤ እሱ ሰላም ሲል ሰው ይስቃል። ከሁሉ የከፋው ግን ስጦታው ነበር። ጉዳያቸው ያለቀላቸው ሰዎች ሰንጢያቸውን ሲረከቡ «አንተው ያዘው» ብለው ይሰጡታል። ለእኔ በሃያ ስድስት ዓመት አንድ ሰው እንኳ እንዲህ ብሎኝ አያውቅም። ከአንድ የከብት ነጋዴ የተሰጠው ባለ ሁለት ምላጭ ሰንጢ ነበር፤ እንደዚያ ያለውን ስፈልግ ዓመታት ሆኖኛል። በማግስቱ ከበራችን ፊት ለፊት ከሚቀመጠው ጫማ ሰፊ እጅ አየሁት።

«ሰጠኸው?» አልኩት ከድርን።

«የእሱ ተሰብሮ ነበር።»

«እንደዚህ ያለ ሰንጢ እኮ አይገኝም!»

«እኔ ምን አደርግበታለሁ? ጥፍሬን ልቁረጥበት?» ብሎ ሳቀ።

ነገሩ ለእኔ ቀልድ እንዳልሆነ አልገባውም። እኔ እየገዛሁ፣ እየጠረግሁ፣ በጨርቅ እየጠቀለልኩ የማስቀምጠው ነገር፣ እሱ ሳይጠይቅ ይመጣለታል፤ ሳያዝን ይሰጠዋል። ማታ ቤት ገብቼ መሳቢያዬን ስከፍት ሰንጢዎቼ ሁሉ ያነሱ መሰሉኝ።

ሃምሳ አለቃ ጡረታ ሲወጡ ሁለታችንንም ጠሩን፤ በር ላይ፣ ሳጥኑ አጠገብ። ለእኔ የዘይት ጠርሙሳቸውንና ፔርሙሳቸውን ሰጡኝ። ለከድር ሰንጢያቸውን ሰጡት።

ከድር ደንግጦ ወደ እኔ አየ። «ሃምሳ አለቃ፣ ጋሽ ሽፈራው እያለ…»

«አንተው ያዝ» አሉት።

ፈገግ አልኩ። እጃቸውን ስሜ ተመረቅሁ። ፔርሙሱን ቤት ወስጄ ቁም ሳጥኑ ላይ ሰቀልኩት፤ ለዘነቡም ያረጀ ዕቃ ነው፣ አትንኪው አልኳት። እስከ ዛሬ ሻይ አልተደረገበትም።

አሁን ልናገር የፈራሁት ላይ ደረስኩ።

ሃምሳ አለቃ ከሄዱ ከሁለት ወር በኋላ፣ እኔ ጡረታ ከመውጣቴ አሥራ አንድ ዓመት በፊት ነው። በደረጃ እኔ ስለምበልጥ በየጠዋቱ ቁጥር አንድ ላይ የሚቀመጠው የእኔ ሰንጢ መሆን ነበረበት። ያን ቀን ስደርስ ከድር ቀድሞ ሳጥኑን ከፍቷል። ቁጥር አንድ ላይ የሃምሳ አለቃ ሰንጢ ተቀምጧል።

«ይሄ ቦታ የማን ነው?» አልኩት።

«የእሱ ነው ብዬ ነዋ» አለ ሰንጢውን እያሳየኝ። «ሁልጊዜ እዚያ ነበር የሚቀመጠው፤ ከለመደበት አላነሳውም ብዬ ነው። ላንሳው?»

«ተወው።»

የእኔን ቁጥር ሁለት ላይ አስቀመጥኩ። ያን ጠዋት እጄን አሻሽቼ አላሞቅሁም። ማንንም በወጉ ሰላም አላልኩም። ከድር ጠረጴዛው ጋ ተቀምጦ ሰንጢ ይቀበላል፣ ይመዘግባል፤ እኔ ሁለት እርምጃ ርቄ እፈትሻለሁ። ረፋዱ ላይ አንድ ግራጫ ኮት የለበሰ ረጅም ሰው መጣ። ከታናሽ ወንድሙ ጋር በአባታቸው ቤት የሚካሰስ ሰው ነው፤ ብዙ ጊዜ ስለመጣ በመልክ አውቀዋለሁ። ታናሽየው ቀድሞ ገብቷል። ሰውየው ወፍራም የሰነድ ፋይል በሁለት እጁ ደረቱ ላይ አቅፏል። ኪሶቹን ፈተሽኩ፣ ወገቡን፣ እግሩን። ፋይሉን ልገልጠው እጄን ዘረጋሁ።

ከድር ከጠረጴዛው ቀና አለ። «ጋሽ ሽፈራው፣ ፋይሉን እየው» አለኝ።

እጄ አየር ላይ ቀረ። ልገልጠው ነበር እኮ! ልገልጠው ስል ነው የተናገረው። አሁን ብገልጠውና ቢገኝበት ያገኘው እሱ ነው። ያ ጃንጥላ፣ ያ ሳቅ፣ ያ ቁጥር አንድ፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ መጣብኝ።

«ከአንተ በፊት ነው እዚህ በር ላይ የቆምኩት» አልኩት። እጄን መለስኩ። «ይግቡ» አልኩት ሰውየውን።

ሰውየው ሲተነፍስ ሰማሁ። ረጅም ትንፋሽ ነበር። ሰምቼም አልመለስኩትም።

ግማሽ ሰዓት እንኳ አልሆነም፤ ከላይ ጩኸት ተሰማ። ፋይሉ ውስጥ ወረቀቶቹ በመሐል ተቦርቡረው ሰንጢ ተኝቶባቸው ነበር። ኮሪደሩ ላይ ወንድሙን ሲያገኘው መዝዞ ሰነዘረበት። ታናሽየው ፊቱን ለመከለል ግራ እጁን አነሳ። ስለቱ መዳፉን ከዳር እስከ ዳር ከፈተው፤ ጅማቶቹን በጠሳቸው። ከድር ደረጃውን ሦስት ሦስት እየዘለለ ወጣና ሰውየውን ያዘው፤ የራሱን ቀበቶ ፈትቶ የልጁን ክንድ ያሰረውም እሱ ነው። ሲያወርዱት በአጠገቤ አለፉ። እኔ በሩን ትቼ መሄድ አልችልም ብዬ ለራሴ ነገርኩት። እውነቱ ግን እግሬ እምቢ ማለቱ ነው።

ነገሩን የሚያጣራ ሦስት ሰዎች ያሉበት ኮሚቴ ተቋቋመ።

«ፋይሉን ፈትሸሃል?» አሉኝ።

«ገልጬ አይቻለሁ» አልኩ። «ወረቀቱ መሐል ስለነበር አልታየኝም።»

ከድርን ጠሩት። በሩ ገርበብ ብሎ ስለነበር ውጭ ሆኜ ሰማሁ። «እኔ ሰንጢ እየመዘገብኩ ነበር። አላየሁም» አለ። ሌላ ቃል አልጨመረም።

በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ አለፍኩ። ከድር በማግስቱም፣ በሳምንቱም፣ በወሩም እንደ ድሮው «እንዴት አደርክ ጋሽ ሽፈራው» አለኝ። አንድ ቀን ያነሳዋል ብዬ ጠበቅሁ። አላነሳውም። እንደ ሰው ማመስገን ነበረብኝ። እኔ ግን ቀናሁበት። በዓይን በለጠኝ፣ በሰው መወደድ በለጠኝ፣ በሃምሳ አለቃ በለጠኝ፤ አሁን ደግሞ በደግነት በለጠኝ። ይህኛው ከሁሉ ይልቅ አንገበገበኝ፤ ምክንያቱም የደግነቱን እንጀራ የምበላው እኔ ነበርኩ።

አንድ እሁድ ሃምሳ አለቃ ታመዋል ሲባል ልጠይቃቸው ሄድኩ። ሁሉንም ልነግራቸው ቆርጬ ነበር የሄድኩት። አልጋቸው አጠገብ ተቀምጬ አፌን ስከፍት ከአፌ የወጣው ሌላ ነገር ነው።

«ሰንጢውን ለምን ለእሱ ሰጡት?»

ትራሳቸው ላይ ቀና አሉ። «ይሄን ልትጠይቀኝ ነው የመጣኸው?»

«አዎ።»

«ለአንተ ብሰጥህ በጨርቅ ጠቅልለህ ታስቀምጠዋለህ» አሉ። «እሱ ይቆርጥበታል። ሰንጢ ካልቆረጠ ይዝጋል፣ ሽፈራው። ለአንተ እጄን የማሞቅበትን ፔርሙስ ነው የሰጠሁህ። የተሻለውን የሰጠሁት ለአንተ ነበር እኮ፤ አልገባህም?»

አልገባኝም ነበር። ገብቶኛል አልኩና ወጣሁ። በዚያው ሕመማቸው አረፉ። ስለ ፋይሉ አልነገርኳቸውም። ቀብራቸው ላይ ከድር አልቅሷል፤ እኔ የእሱን ለቅሶ ሳይ ዕንባዬ ደረቀ።

ከዓመት በኋላ ከድር ሥራ ለቀቀ። ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ጠባብ ሱቅ ተከራይቶ ቢላዋ መሳል፣ ሰንጢ መሥራት ጀመረ። መገላገል ነበረብኝ፤ አልተገላገልኩም። ሥራው ተወደደለት። ኪሳቸው የእሱ ሰንጢ ያለ ባለጉዳዮች በበሬ ማለፍ ጀመሩ። አውቀው ነበር ሥራውን፤ የምላጩ ጀርባ ላይ በሞረድ ሦስት ጭረት ያደርጋል። እየተቀበልኩ «ምን ይቆርጡበታል?» እላለሁ። እኔ ለራሴ ብዙ ሰንጢ የገዛሁት በእነዚያ ዓመታት ነው። መሳቢያው ሞልቶ ሁለተኛው ተጀመረ። ከእሱ ሱቅ ግን አንድም አልገዛሁም። በዚያ መንገድ ላለማለፍ በሌላ ዞሬ እሄድ ነበር።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ሥራ የሚባል ነገር የለኝም። ጠዋት ተነስቼ የቀኑን ሰንጢ ኪሴ ውስጥ እከታለሁ፤ የማስረክብበት በር ግን የለም። በሁለተኛው ወር ዘነቡ ምርር አላት።

«ከድር፣ ከድር ትላለህ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ! አንድ ቀን ሄደህ ፊት ለፊት አትነግረውም?»

ሄድኩ። ሱቁ ውስጥ በኤሌክትሪክ በሚዞር ድንጋይ የሥጋ ቢላዋ ይስል ነበር። ጸጉሩ ገባ ገባ ብሏል። ሲያየኝ ሞተሩን አጠፋና ተነስቶ አቀፈኝ፤ በርጩማውን በጨርቅ ጠርጎ አስቀመጠኝና ቢላዋውን መልሶ አነሳ።

«ከድር፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው የመጣሁት። ያን ጊዜ ኮሚቴው ፊት ለምን ዝም አልክ?»

የቱ ኮሚቴ አላለም። «ፈርቼ ነዋ» አለ።

«ምን ፈርተህ?»

«አይቻለሁ ብል፣ ካየህ ለምን አላስቆምከውም ሊሉኝ ነው። እኔም እኮ ፈታሽ ነበርኩ። ሁለት እርምጃ ነበር መሐላችን። ተነስቼ ፋይሉን መቀበል እችል ነበር። አንተ ስትቆጣኝ ደንግጬ አቀረቀርኩ። ልጄ ገና መወለዷ ነበር፤ ሥራዬን አጣለሁ ብዬ ፈራሁ።»

«እኔን ለማዳን አልነበረም?»

«አንተን?» ሳቀ፤ ክፋት የለበትም። «ጋሽ ሽፈራው፣ እውነቱን ልንገርህ? ያን ቀን አንተን ጨርሶ አላሰብኩህም። ይቅር በለኝ።»

አሥራ አንድ ዓመት የቀናሁበት ደግነት አልነበረም። መጀመሪያ ቀለለኝ፤ ልስቅ ምንም አልቀረኝ። ወዲያው ደግሞ ሌላ ነገር መጣ። እኔ ለሃምሳ አለቃ በሞት አልጋቸው አጠገብ፣ ለሚስቴ በአንድ ጣሪያ ሥር ያልተናገርኩትን ነገር እሱ ቢላዋውን ሳያስቀምጥ ተናገረው። ፈርቼ ነዋ። በሁለት ቃል።

«ታምሩንስ አግኝተኸው ታውቃለህ?» አለኝ።

«የቱ ታምሩ?»

ከድር ቢላዋውን አስቀመጠ። «እጁን የተቆረጠው ልጅ ነዋ። ጌጃ ሰፈር ልብስ ይሰፋል። ከቤትህ ሦስት መንገድ አይርቅም።»

ስሙን አላውቀውም ነበር። መዝገቡ ላይ ነበር፤ ላውቀው ስላልፈለግኩ አላነበብኩትም። ከድር ግን በመጀመሪያው ዓመት ሄዶ «አይቼ ዝም ብያለሁ» ብሎ ነግሮታል።

«ምን አለህ?»

«አባረረኝ። ሁለተኛ ሄድኩ፣ አባረረኝ። ሦስተኛ ስሄድ ሻይ አዘዘልኝ። ስምህን ግን አልነገርኩትም፤ እሱን መናገር የአንተ ነው።»

ወደ ቤት ስመለስ መንገዱ ረዘመብኝ። በማግስቱ ማሳጠር የማያስፈልገው ሱሪ ይዤ ጌጃ ሰፈር ሄድኩ። ሱቋ አንዲት የስፌት መኪናና አንድ ጠረጴዛ ብቻ ትይዛለች። ታምሩ አርባዎቹ ውስጥ ያለ ሰው ነው። የግራ እጁ ሦስት ጣቶች ወደ መዳፉ ታጥፈው ቀርተዋል። ጨርቁን በክርኑ እየተጫነ ነበር የሚሰፋው። ቀና ብሎ አየኝ።

«እርስዎ የበሩ ሰውዬ ነዎት» አለ።

«አዎ።»

«ከዚያ በፊት በነበረ ቀጠሮ እኔንም ፈትሸውኛል። ክር የምፈታባትን ትንሽ ሰንጢ ተቀብለውኝ ምን ትቆርጥባታለህ ብለው ጠየቁኝ። ልብስ ሰፊ ነኝ ስልዎት፣ ሳትለኝ አውቄዋለሁ አሉኝ። ደስ ብሎኝ ነው የገባሁት። እዚህ ቤት ሰው በደንብ ይፈተሻል ብዬ።»

እኔ እሱን ጨርሶ አላስታውሰውም። ሱሪውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

«የወንድምህን ፋይል አልገለጥኩትም» አልኩት። «ለኮሚቴው ገልጬ አይቻለሁ ብያለሁ፤ ውሸት ነው። ሆን ብዬ ነው ያልገለጥኩት።»

«ለምን?»

«ጓደኛዬ ግለጠው ስላለኝ።»

«ለዚህ ነው?»

«ለዚህ ነው።»

ፊቱን ወደ መኪናው መለሰ። አንድ ስፌት ከዳር እስከ ዳር ሰፋ፤ ክሩን በጥርሱ በጠሰ። ይቅር ብዬሃለሁ አላለኝም። ውጣም አላለኝም። «ሱሪውን ተዉት፣ ማክሰኞ ይምጡ» አለኝ።

ማክሰኞ ሄድኩ። ሱሪው እንዳለ ተጣጥፎ ተቀምጧል፤ አልነካውም፤ የሚነካ ነገርም አልነበረውም። ጠረጴዛው ላይ ሰፊ የጋቢዲን ጨርቅ ተዘርግቷል። ታምሩ መቀሱን በቀኝ እጁ ይዞ በግራው ጨርቁን ሊወጥር ሞከረ፤ ሸሸው። ደግሞ ሞከረ። ከዚያ ሳያየኝ «ይያዙልኝ» አለ።

ያዝኩለት። መቀሱ ምልክቱን ተከትሎ ሳይንገራገጭ እየቆረጠ መጣ።

«ማን ነው የሚስልልህ?» አልኩት።

«ከድር። ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣ ይስልልኛል።»

«እኔም መሳል እችላለሁ» አልኩ። አፌ ቀደመኝ።

«አይ፣ እሱ ይስለዋል» አለ ታምሩ። «እርስዎ ጨርቁን ወጠር አድርገው ይያዙ። ያቺን ጫፍ።»

ጫፏን ያዝኩ፣ ወጠርኩ። መቀሱ እስከ ጣቴ ሥር ድረስ መጥቶ ቆመ። የተቆረጠውን ጠርዝ በአውራ ጣቴ ዳሰስኩት። አንድ ክር እንኳ አልተጎተተም። በጣም ጥሩ ተስሏል። እኔ ያንን ያህል አልስለውም ነበር።